የእንሰት ጉድጓድና የሆዳችን ረቂቃን ነዋሪዎች

ባክቴሪያ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በሽታን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በጨለለቅቱም ሆነ በመላው ጌዴኦ ያሉ እናቶች የእነዚህን ረቂቃን ነፍሳት ስም ሳይሰሙ ከጥንት ጀምሮ ሲሠሩባቸው ኖረዋል። እንሰቱን ፍቀው፥ አምቾውን ቀጥቅጠው፥ ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ከድነው ያኖሩታል፤ ሲበስልም ቆጮ ይሆናል። ስለዚህ የሰውንና የባክቴሪያን ዝምድና ታሪክ ከራሳችን ጓሮ እንጀምራለን። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በጉድጓዱ ውስጥ የሚሆነውን ነገር ኢትዮጵያዊው ሊቅ ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ በ1987 ባሳተሙት ጥናት ገልጸውታል። በመጀመሪያ ሉኮኖስቶክ የሚባለው የባክቴሪያ ወገን ሥራውን ይጀምራል፤ ቀጥሎም ላክቶባሲለስ የሚባለው ይተካዋል። እነዚህም ከእንሰቱ ስኳር አሲድ ያወጣሉ። አሲዱ እየበረታ ሲሄድ ብዙዎቹ አበላሺ ጀርሞች ሊኖሩበት አይችሉም፤ ቆጮ ብዙ ጊዜ ሳይበላሽ የሚቈየው በዚህ ምክንያት ነው።

የሰው ሆድም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው። በትልቁ አንጀታችን በትሪሊዮን የሚቈጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ቦታውንና ምግቡን ስለሚይዙም ለክፉዎቹ ጀርሞች መግቢያ ያጠብባሉ። ነገር ግን ሥራቸው ይህ ብቻ እንዳልሆነ ለመረዳት ረዥም ዘመን ፈጅቷል።

በ1882 ሩስያዊው ኢልያ ሜችኒኮፍ በሲሲሊ ደሴት፥ በሜሲና ከተማ፥ የባሕር ኮከብ እጭ በእሾኽ ወግቶ ሲመለከት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾኹን ከበው አገኘ። ከዚህም ተነሥቶ ሰውነታችን ጀርምን የሚውጡ ወታደሮች እንዳሉት አስተማረ፤ በ1908ም ከፓውል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1892 ደግሞ ጀርመናዊው ሪቻርድ ፋይፈር የኮሌራ ባክቴሪያ በሙቀት ከሞተ በኋላ እንኳ ገላው መርዝነት እንዳለው አሳየ። እንግዲህ ሰውነትን የሚያስደነግጠው የባክቴሪያው ሕይወት ብቻ ሳይሆን የተሠራበት ሞለኪውል ጭምር ነው ማለት ነው። ሰውነት ይህን ሞለኪውል በምን ለይቶ እንደሚያውቀው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቈየ። በ1998 ብሩስ ቦይትለርና ባልደረቦቹ በሕዋስ ላይ እንደ በር ጠባቂ የሚያገለግለውን ተቀባይ አገኙ፤ ቦይትለርም በ2011 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በር ጠባቂው በእያንዳንዱ ባክቴሪያ ላይ ቢጮኽ ኖሮ ሆዳችን እንዴት ሰላም ያገኝ ነበር? መልሱ ሰውነት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ወዳጅን መታገሥ ይማራል የሚል ነው። አስተማሪዎቹም ከፊሎቹ ራሳቸው ባክቴሪያዎቹ ናቸው። እኛ ልንፈጨው የማንችለውን የምግብ አሰር ሲበሉ ቡቲሬት የሚባል አሲድ ያወጣሉ፤ ይህም የመከላከያውን ኀይል የሚያረጋጉ ሕዋሳትን እንደሚያበዛ በ2013 በአይጥ ላይ የተደረጉ ምርምሮች አሳይተዋል።

ለዚህ ዕውቀት አገራችንም ድርሻ አላት። በ1997 በጅማ ከተማና በዙሪያው ባለው ገጠር የተደረገ ሰፊ ጥናት ታትሞ አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ ገለጸ። የከተማ ልጅ ከአፈር፥ ከከብትና ከረቂቃን ነፍሳት መራቁ አንዱ ምክንያት ይሆን ይሆናል የሚል አሳብ አለ። በቡታጅራ ደግሞ ከ2005 ጀምሮ እናቶች በእርግዝናቸው ጊዜ ተመዝግበው ልጆቻቸው ከተወለዱ በኋላ ክትትል ተደረገላቸው። በ2011 የታተመው ውጤት እንደሚያስረዳው፥ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ የተገኘባቸው የሦስት ዓመት ሕፃናት በችፌ የሚያዙት ከሌሎቹ ባነሰ መጠን ነበር። ይኸው ባክቴሪያ ግን የጨጓራ ቍስልና ካንሰር የሚያመጣ ነው። እንዲህ ያለው ጥናት መቀራረብን ያሳያል እንጂ ምክንያትን አያረጋግጥም፤ ሆኖም አንድ ፍጡር ወዳጅም ጠላትም ሊሆን እንደሚችል ያስገነዝባል።

ስለዚህ ከሁለት ስሕተት እንጠንቀቅ። አንደኛው ቆሻሻ ይጠቅማል ማለት ነው፤ ኮሌራና ታይፎይድ በተበከለ ውሃ የሚተላለፉ ገዳዮች ናቸውና እጅን በሳሙና መታጠብና ንጹሕ ውሃ መጠጣት ግዴታ ነው። ሁለተኛው ጀርም ሁሉ ጠላት ነው ብሎ ለጕንፋን እንኳ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ መዋጥ ነው። ጕንፋን ከቫይረስ ስለሚመጣ መድኃኒቱ አይፈውሰውም፤ ይልቁንም የሆዳችንን ወዳጆች ይገድላል፥ የተረፉትንም ጀርሞች መድኃኒት እንዲለምዱ ያደርጋል። ቆጮም ቢሆን ምግብ እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ ሲጋገር እሳቱ ባክቴሪያዎቹን ይፈጃቸዋልና።

በ2023 ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እንሰቱ፥ ቡናውና ጥላ ዛፉ ለጐብኚ ይታያሉ፤ ጉድጓዱ መቼ እንደሚከፈት በሽታና በእጅ ዳሰሳ የሚያውቁት እናቶች ጥበብ ግን አይታይም። እነርሱ ሲያርፉ ጥበቡም አብሮ ሊቀበር ይችላል። እንግዲህ የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪዎች፥ በመጀመሪያ ደብተር ይዘን ወደ እናቶቻችን፥ ቀጥሎም ወደ ማይክሮስኮፑ እንሂድ።