ኩኪስን ከዳቦ ጋር የመደበው አንባቢ

ለኮምፒውተር ዕውቀት የሚሰጠው እንዴት ነው? እ.ኤ.አ. በ1984 ቴክሳስ ኦስተን ውስጥ ዳግላስ ሌናት «ሰው ቁጭ ብሎ ይጻፍለት» ብሎ ተነሣ። ሳይክ የተባለው ፕሮጀክቱ ልጅ እንኳ የሚያውቀውን፣ ግልጽ ስለሆነ ግን ማንም የማይጽፈውን ነገር (የሞተ ሰው ገበያ አይወጣም ዓይነቱን) አንድ በአንድ በእጅ ማስገባት ነበር። ሌናት በ2023 እስኪያርፍ ሥራው አላለቀም።

ሌላው መንገድ ማስነበብ ነው። በ1992 ማርቲ ሄርስት በእንግሊዝኛ ያሳየችው ብልሃት በእኛ ቢመሰል እንዲህ ነው፦ «እንደ ጤፍ፣ ገብስና ስንዴ ያሉ እህሎች» የሚል ሐረግ ያገኘ ማሽን ጤፍን አይቶ ባያውቅም እህል መሆኑን ይመዘግባል።

በጥር 2010 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ቶም ሚቸልና ባልደረቦቹ ይህን ሐሳብ አስፍተው ኔልን አስጀመሩ። ከተማ፣ ኩባንያ፣ ስፖርተኛ እያሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምድቦችን፣ ለእያንዳንዱም ጥቂት ምሳሌ ሰጡትና ድረ ገጾችን ሌት ተቀን እንዲያነብ ለቀቁት። ከምሳሌው የአነጋገር ዘይቤ ይማራል፤ በዘይቤው ደግሞ አዲስ ምሳሌ ያድናል።

ጣጣውም እዚያው ላይ ነው። ኔል የኢንተርኔት «ኩኪስ» የሚለውን አይቶ ከዳቦና ከኬክ ጋር መደበው። ሰዎች «ኩኪሴን አጠፋሁ» እንደሚሉ ሁሉ «ፋይሌን አጠፋሁ» ይላሉና፣ ፋይልም የተጋገረ ነገር ሆኖ አረፈው። አንዷ ስሕተት ሌላዋን ወለደች፤ ሰዎች እየገቡ ያርሙ ጀመር።

ያም ሆኖ ኔል ዛሬ የናፈቀ አንድ ጠባይ ነበረው። ለእያንዳንዱ እምነቱ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነና ከየት እንዳመጣው መዝግቦ ያሳይ ነበር። የአሁኖቹ ግዙፍ የቋንቋ ሞዴሎች ከእሱ በብዙ እጥፍ አንብበዋል፤ ይህን ከየትኛው ገጽ ተማርከው ሲባሉ ግን ከውስጣቸው መዝዘው የሚያሳዩት መዝገብ የላቸውም።

ጉዳዩ ለአማርኛ ይከብዳል። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲኖሩት የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ነው። ፋይል ዳቦ ነው የሚል ስሕተት በእንግሊዝኛ በሚሊዮን ገጾች ይስተባበላል። በአማርኛ ስለ አንድ ወረዳ ወይም ስለ አንድ ግጭት የተጻፈው ግን አንድ ገጽ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱም በንዴት ሌሊት ላይ የተለጠፈ።