ድል አድራጊዎቹ በሸንጎ ፊት፦ የአርጊኑሳይ ጦርነትና ፍርዱ

በ406 ቅ.ል.ክ. በሌስቦስ ደሴትና በትንሿ እስያ ዳርቻ መካከል፣ አርጊኑሳይ በሚባሉት ትንንሽ ደሴቶች አጠገብ፣ የአቴንስ መርከቦች የስፓርታን የባሕር ኃይል ድል መቱ። ዲዮዶሮስ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ፣ ግሪክ ከግሪክ ጋር በባሕር ላይ ከተዋጋባቸው ጦርነቶች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው ይላል። ብዙም ሳይቆይ ግን ከተማዋ ድሉን ካስገኙላት ስምንት የጦር አዛዦች ስድስቱን በሞት ቀጣች። ሁለቱ የተረፉት ወደ አገራቸው ለመመለስ ስላልደፈሩ ብቻ ነው።

የሕዝብን አገዛዝ የሚንቁ ጸሐፊዎች ይህን ፍርድ ደጋግመው ለምስክርነት ይጠሩታል፤ ሥልጣን ለብዙኃኑ ከተሰጠ ውለታ ቢስነትና እብደት ይከተላል ለማለት። ክሱ መሠረት የለውም አልልም። ሆኖም ነገሩን ከሕግ መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከመርከቡ የቀዛፊ መቀመጫ ላይ ሆኖ ያየ ሰው ሌላ መልክ ያገኝበታል። የሕዝቡ ቁጣ ምክንያት ነበረው። የተበላሸው ቁጣው የሄደበት የፍርድ መንገድ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይቶ ማየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የአቴንስ ሥርዓት ከመርከቦቿ ጋር እንዴት እንደተሳሰረ በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። በላውሪዮን የብር ማዕድን በተገኘ ጊዜ ቴሚስቶክለስ ገንዘቡ ለዜጎች መከፋፈሉ ቀርቶ መርከብ እንዲሠራበት አሳመነ፤ ሄሮዶቱስ 200 መርከብ ይላል። በ480 ቅ.ል.ክ. ሳላሚስ ላይ ፋርስን የመለሱት እነዚህ መርከቦች ናቸው። ትሪሬስ የተባለችው ባለ ሦስት ረድፍ የጦር መርከብ 200 ያህል ሰው ትጭናለች፤ ከእነዚህ 170ው ቀዛፊዎች ናቸው። ጋሻና ጥሩር የመግዛት አቅም ያለው ሰው በእግረኛ ጦር ውስጥ ይሰለፋል፤ ምንም የሌለው ድሃ ዜጋ ግን ክንዱን ይዞ መርከብ ይሳፈራል። የከተማዋ ኃይል በእግረኛው ላይ ሳለ የቃሉ ክብደትም የባለ ጋሻው ነበር። ኃይሉ ወደ ባሕር ሲዞር የድሃው ድምፅ ከፍ አለ። በ462/1 ኤፊያልቴስ የአርዮስፋጎስን የቀድሞ ባላባታዊ ምክር ቤት ሥልጣን ሲቀንስና ፔሪክለስ ለዳኞች አበል ሲያስቆርጥ፣ ከጀርባቸው የቆመው ይኸው ሕዝብ ነው። በ411 በከተማው ውስጥ 400 ሰዎች ሥልጣን ሲቀሙ ዴሞክራሲውን አንለቅም ያለው በሳሞስ ደሴት የሰፈረው የባሕር ጦር መሆኑም አያስገርምም።

የ406ቱ ሁኔታ አስጨናቂ ነበር። የስፓርታው የባሕር አዛዥ ካሊክራቲዳስ የአቴንሱን አዛዥ ኮኖንን አሳድዶ 30 መርከቦች ማርኮበት፣ ከቀሩት 40 መርከቦቹ ጋር በሌስቦስ ሚቲሊኒ ወደብ ውስጥ ዘግቶታል። ከዚህ ከበባ አንዲት መርከብ አምልጣ ወሬውን ስታደርስ ሸንጎው 110 መርከቦች እንዲዘጋጁ ወሰነ፤ ዝግጅቱ 30 ቀን ፈጀ። ገንዘብ አልነበረም፤ በአክሮፖሊስ ላይ የነበሩት የወርቅ የድል ምስሎች ቀልጠው ሳንቲም ሆኑ። ሰውም አልነበረም፤ ለውትድርና የደረሰ ሁሉ፣ ነፃም ይሁን ባሪያ፣ ተሳፈረ። ባላባቶቹ ፈረሰኞች ሳይቀሩ ብዙዎቹ መቅዘፊያ ይዘው ተቀመጡ። ከባሮቹ መካከል የቀዘፉት ነፃነትና ዜግነት አገኙ። አሪስቶፋነስ በተከታዩ ዓመት ባሳየው «እንቁራሪቶች» በተባለው ቀልደኛ ተውኔቱ ውስጥ አንድ ባሪያ ከዚህ ዘመቻ በመቅረቱ ሲቆጭ የምንሰማው ለዚህ ነው።

የአቴንስ አጋሮች መርከቦች ሲጨመሩ ቁጥራቸው ከ150 አለፈ። ካሊክራቲዳስ 50 መርከቦች ለከበባው ትቶ በ120 መጣ። በውጊያው እርሱ ራሱ ባሕር ገብቶ ሞተ፤ ስፓርታና አጋሮቿም ወደ 70 የሚጠጉ መርከቦችን አጡ። አቴንስ ያጣችው 25 ነው። በድል ሚዛን ሲታይ ጥቂት ይመስላል፤ በሰው ሲቆጠር ግን ሙሉ ጭነት ቢሆኑ እስከ 5,000 ነፍስ ማለት ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በውጊያው ቅጽበት አልሞቱም፤ የተመታች ትሪሬስ ከእንጨት የተሠራች ስለሆነች ውሃ ትሞላለች እንጂ ወዲያው ወደ ጥልቁ አትወርድም። ሰዎቹ ስብርባሪውን ይዘው ሲንሳፈፉ፣ ድል ያደረጉት መርከቦች ደሴቶቹ ጋ ነበሩ።

እዚያ ምን ተባለ? የታሪክ ጸሐፊው ዜኖፎን የሚነግረን ነገር ለእኔ የዚህ ታሪክ ቁልፍ ነው። አዛዦቹ ተመካከሩ። ዲዮሜዶን ሁሉም መርከቦች ተሰልፈው የወደቁትን ያንሱ አለ። ኤራሲኒዴስ በበኩሉ ሁሉም ወደ ሚቲሊኒ ሄደው የቀረውን ጠላት ይምቱ አለ። ትራሲሎስ ሁለቱም ይሁን፣ እንከፈል አለ፤ የእርሱ ሐሳብ ጸና። ለማንሳቱ ሥራ ከ45 በላይ መርከቦች ተመደቡ፤ አለቆቻቸውም ቴራሜኔስና ትራሲቡሎስ ነበሩ። ሁለቱም በዚያን ጊዜ የመርከብ አለቆች ነበሩ እንጂ የጦር አዛዦች አልነበሩም። ከዚያ ማዕበል ተነሣ፤ አንዱም ሥራ ሳይሠራ ቀረ።

ሁለቱ ዋና ምንጮቻችን በክሱ ምንነት ላይ አይስማሙም። ዲዮዶሮስ የሚያወራው ሳይቀበሩ ስለቀሩት አስከሬኖች ነው። ዜኖፎን ግን በሕይወት እያሉ ስለተተዉት ይናገራል፤ በዱቄት በርሜል ላይ ተንሳፍፎ የዳነ አንድ ሰው ሸንጎ ቀርቦ፣ ሲሰጥሙ የነበሩት ጓደኞቹ አደራ እንዳሉት፣ ለአገራቸው ጀግንነት የፈጸሙትን ሰዎች አዛዦቹ እንዳላነሷቸው መሰከረ ይላል። በግሪኮች ዘንድ ሙትን ሳይቀብሩ መተው ከባድ ኃጢአት ስለነበር የዲዮዶሮስ ነገር ሙሉ በሙሉ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን ሸንጎውን ያናወጠው የበርሜሉ ሰው ቃል ይመስለኛል። ድምፅ ሰጪው አብዛኛው ቀዛፊ፣ ወይም የቀዛፊ አባት፣ ወይም ወንድም ነበር። ከተማዋ ለመርከብ ሰዎቿ የገባችው ያልተጻፈ ውል ነበረ፤ እናንተ ትቀዝፋላችሁ፣ እኛ ደግሞ አንተዋችሁም የሚል። ይህ ውል ፈርሷል ብሎ የተነሣ ሕዝብ ያለ ምክንያት አበደ ማለት አይቻልም።

የመጀመሪያው የሸንጎ ቀን ለአዛዦቹ የተመቸ ነበር። ስለ ማዕበሉ የመርከብ መሪዎችን ምስክር አቀረቡ፤ ሕዝቡም ሊያምናቸው ተቃርቦ ነበር። ግን በመምሸቱ የተነሣ እጅ መቁጠር ስላልተቻለ ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተላለፈ። በመካከሉ አፓቱሪያ የሚባለው፣ ቤተ ዘመድ የሚሰባሰብበት በዓል ገባ። ጥቁር የለበሱና ራሳቸውን የተላጩ ሰዎች በሸንጎ ተገኙ፤ የዚህን ምልክት ትርጉም ለአገራችን አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ዜኖፎን ሰዎቹ ሐዘንተኛ መስለው እንዲቀርቡ ያሰናዳቸው ቴራሜኔስ ነው ይላል። ይህን ለመቀበል ይከብደኛል፤ እስከ 5,000 ሰው ባለቀበት ከተማ ለልቅሶ ሰው መቅጠር ምን ያስፈልጋል? ዲዮዶሮስ እንደሚለው አዛዦቹ አስቀድመው ጥፋቱን በቴራሜኔስ ላይ በደብዳቤ ጥለው ከነበረ፣ ሰውዬው ለገዛ ራሱ ሕይወት ሲል ጠንክሮ መክሰሱ ግን የሚታመን ነው።

ከዚያ ካሊክሴኖስ የሚባል የምክር ቤት አባል ሐሳብ አቀረበ። ክርክሩ ባለፈው ተሰምቷል፤ ስለዚህ ሕዝቡ በየነገዱ በሁለት ማሰሮዎች ድምፅ ይስጥ፣ በስምንቱም ላይ አንድ ፍርድ ይሁን፣ ጥፋተኞች ከተባሉ ይሙቱ፣ ሀብታቸውም ይወረስ። ከተከሳሾቹ የአንዱ፣ የታናሹ ፔሪክለስ፣ ዘመድና የዲዮሜዶን ወዳጅ የሆነው ኤውሪፕቶሌሞስ ይህ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ተነሣ፤ ሕጉ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው እንዲዳኝ ያዝዛል። ከሕዝቡ መካከል ግን ሕዝቡ የፈለገውን እንዳያደርግ መከልከል ነውር ነው የሚል ጩኸት ተሰማ። ተቃዋሚዎቹ ከአዛዦቹ ጋር አብረው ይፈረድባቸው የሚል ዛቻም ተከተለ። ስብሰባውን የሚመሩት 50ዎቹ ተረኞች ፈርተው ተስማሙ፤ ከመካከላቸው ሶቅራጥስ ብቻ ከሕግ ውጭ ምንም አላደርግም አለ። በ399 ለራሱ ፍርድ በቆመ ጊዜ ይህንኑ ለዳኞቹ እንዳስታወሳቸው ፕላቶ ጽፏል።

ሶቅራጥስንና ኤውሪፕቶሌሞስን ያሳሰባቸው ሥነ ሥርዓት ለሥነ ሥርዓት ያህል አልነበረም። የደሴቶቹን ምክክር መለስ ብለን እንይ። ሁሉም የወደቀውን ያንሳ ያለው ዲዮሜዶንና ሁሉም ትቶ ይሂድ ያለው ኤራሲኒዴስ በአንድ የጅምላ ድምፅ አንድ ዓይነት ሞት ሞቱ። ከስምንቱ አንዱማ የገዛ መርከቡ ሰጥማ ራሱ በመከራ የዳነ ነበር፤ ሰው አላነሣህም ተብሎ ተፈረደበት። ለየብቻ ቢዳኙ ኖሮ ምናልባት አንድ ሁለቱ ጥፋተኛ ይባሉ ነበር፤ የሟች ቤተሰብም ማን ምን እንዳደረገ ያውቅ ነበር። የጅምላው ፍርድ ያጠፋው የተከሳሾቹን ሕይወት ብቻ ሳይሆን ሐዘንተኞቹ የጠየቁትን መልስ ጭምር ነው።

ከተገደሉት አንዱ ታናሹ ፔሪክለስ ነበር። እናቱ አስፓሲያ የሚሊጢን ሰው ስለነበረች፣ አባቱ ራሱ ባስወጣው የ451 ሕግ መሠረት ዜጋ ሊሆን አይገባውም ነበር፤ ሕዝቡ ለአባቱ አዝኖ በልዩ ውሳኔ ዜግነት ሰጠው። ሕግን ለአንድ ሰው ሲል ማለፍ የሚችል ሸንጎ በሌላ ቀን በዚያው ሰው ላይም ሊያልፈው ይችላል። ዲዮሜዶን ደግሞ፣ ዲዮዶሮስ እንደሚለው፣ ወደ ሞት ሲወሰድ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ስለ ድሉ ለአማልክት የተሳልነውን ስእለት እናንተ አድርሱልን።

አቴናውያን ኋላ ተጸጸቱ። ካሊክሴኖስና ተባባሪዎቹ ሕዝብን በማሳሳት ተከሰው ቢታሰሩም አመለጡ። ካሊክሴኖስ በ403 ቢመለስም ሁሉም ስለጠላው በረሃብ ሞተ። በዚያው ጊዜ ዴሞክራሲው «ሠላሳው አምባገነኖች» ከተባሉት ገዢዎች አገዛዝ በኋላ ሲመለስ፣ የሸንጎ ውሳኔ ከሕግ በላይ እንዳይሆን ተደነገገ፤ በአንድ ሰው ላይ ብቻ የሚሠራ ሕግም ከተወሰነ የ6,000 ሰዎች ምስጢራዊ ድምፅ በቀር እንዳይወጣ ተከለከለ። የ406ቱ ስብሰባ ለዚህ ብቸኛ ምክንያት ባይሆንም፣ የአዲሱ ሕግ ቃል በቀጥታ የሚመልስለት ስብሰባ ነው።

ሕጉ ሲወጣ ግን መርከቦቹ አልነበሩም። በ405 የስፓርታው አዛዥ ሊሳንድሮስ በአይጎስፖታሞይ የአቴንስን መርከቦች ከባሕር ዳር እንደቆሙ ያዛቸው፤ ከ180 ያህል የተረፉት ዘጠኝ ናቸው። አንዷ የሽንፈቱን ወሬ ይዛ ወደ አቴንስ ተመለሰች። ስምንቱን ይዞ የወጣው ኮኖን ነው፤ ከሚቲሊኒ ከበባ እንዲወጣ የአርጊኑሳይ ሰዎች የሞቱለት አዛዥ። እርሱ ወደ አገሩ አልሄደም፤ ወደ ቆጵሮስ፣ ወደ ንጉሥ ኤዋጎራስ ቀዘፈ። አቴንስን ዳግም ያየው በ393 ነው፤ የፋርስ ገንዘብና መርከቦች ይዞ መጥቶ የፈረሰውን ግንብ አስጠገነ።