ከመጨረሻው ቦስ የጀመረች አገር

ጌም የማትጫወቱ አንባቢዎች ለጥቂት አንቀጾች ታገሱኝ፤ ጉባ መድረሳችን አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ1996 ጃፓን ውስጥ ፖኬሞን ሬድ እና ፖኬሞን ግሪን የተባሉ ሁለት ጌሞች ገበያ ላይ ዋሉ። ፈጣሪያቸው ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ነፍሳት እየያዘ የሚሰበስብ ሰው ነበር፤ ጌሙም ያንኑ ነው። ተጫዋቹ ከየሜዳው ፍጡራን እየያዘ ያሰለጥናል፣ በየከተማው ከሚጠብቁት ስምንት አለቆች ጋር ይፋለማል፣ አንዱን ባሸነፈ ቁጥር ባጅ ይሰጠዋል።

ሲጀምር ከሦስት ፍጡራን አንዱን ይመርጣል፦ የእሳት፣ የውሃ ወይም የቅጠል። የመጀመሪያው አለቃ ብሮክ የድንጋይ ፍጡራን ባለቤት ነው፤ ዋናው ኦኒክስ ሌቨሉ 14 ነው። ውሃ ወይም ቅጠል የመረጠ በደቂቃዎች ያልፈዋል። እሳት የመረጠ ግን ጉዱ ፈላ። እኔ ስልኬ ላይ ስጫወት እሳቱን መርጬ ስንት ጊዜ እንደተሸነፍኩ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ብሮክ ለሁላችንም ያው ብሮክ ነው። ከባድ ወይም ቀላል የሚያደርገው ይዘነው የሄድነው ነገር እና የምናገኘው ተራ ነው።

ሠሪዎቹ ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ፖኬሞን የሎው ተጫዋቹ ሳይመርጥ ፒካቹ ይሰጠዋል። የፒካቹ ኤሌክትሪክ ደግሞ ኦኒክስን ጭራሽ አይነካውም። ታዲያ ምን አደረጉ? ብሮክን ከቦታው አላነሱትም። ከመጀመሪያዎቹ ከተሞች አጠገብ ባለው ሣር ውስጥ ማንኪ የተባለ ድንጋይ የሚደበድብ ፍጡር አስቀመጡለት። ቦሱ ባለበት ቀረ፣ ከፊቱ መሰላል ቆመለት።

ሌላም ሕግ አለ። ከሌላ ተጫዋች በልውውጥ የመጣ ፍጡር ከራስህ ፍጡር ፈጥኖ ያድጋል። ነገር ግን በቂ ባጅ ከሌለህ ትዕዛዝህን አይሰማም፤ ውጊያ መሃል ይተኛብሃል። ይህችን ሕግ ያዙልኝ።

አሁን ወደ ዓባይ።

የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ፣ ዩ.ኤስ. ቢሮ ኦፍ ሪክላሜሽን፣ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የዓባይን ተፋሰስ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1964 ሪፖርቱን አስረከበ። ጊዜው የቀዝቃዛው ጦርነት ነው። ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 ውሃውን ኢትዮጵያን ሳይጠሩ ተከፋፍለዋል፤ የአስዋን ግድብ በሶቪየት ገንዘብና ባለሙያ እየተሠራ ነው። ጥናቱ በዋናው ወንዝ ላይ አራት ትላልቅ ግድቦችን አስቀመጠ። ከላይ ወደ ታች ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያ፣ በመጨረሻም ሱዳን ጠረፍ ላይ «ድንበር»። አራቱ ተደምረው 5,570 ሜጋ ዋት ገደማ ነበሩ። የድንበር ድርሻ 1,400 ሲሆን የሚይዘው ውሃም ወደ 11 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነበር።

እነዚህ ስሞች በወረቀት ላይ አረጁ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ፣ ከአራቱ አንዱም አልተነካም። ገንዘብ የለም፤ የዓለም ባንክ ደግሞ በድንበር ተሻጋሪ ወንዝ ላይ ለሚሠራ ሥራ የተፋሰሱ አገሮች እንዲያውቁ የሚጠይቅ ደንብ አለው፣ ይህም በተግባር በካይሮ ደጃፍ ማለፍ ማለት ነበር። ባጅ የለህም፣ የውጭ ብር አይታዘዝህም።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ የተመረጠው ከዝርዝሩ የመጨረሻው ነበር። እሱም በልኩ አልቀረም፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ሆነ። ዛሬ ያለው 5,150 ሜጋ ዋት አሜሪካኖቹ ለአራቱ ግድቦች በጋራ ካሰቡት ብዙም አያንስም። አራቱን ቦሶች አንድ ላይ አቅልጦ አንድ ቦስ ማድረግ ማለት ነው።

ለምን እዚያ? ወንዙ ጉባ ሲደርስ ዴዴሳን፣ ዳቡስን እና በለስን ጠጥቶ ነው። ሰፊው ሸለቆም ብዙ ውሃ ያስተኛል፤ ጎኑን ለመዝጋት ከ5 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የኮርቻ ግድብ ማስፈለጉ ዋጋው ነበር። ፖለቲካው ደግሞ አለ፦ ሙባረክ ከሥልጣን ከወረዱ ሁለት ወር አልሞላም ነበር።

ገንዘቡ ከቦንድ፣ ከሠራተኛ ደሞዝ፣ ከ8100 የስልክ መልዕክት መጣ። ለማስተላለፊያ መስመሩ የቻይና ብድር ነበረበት፣ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ግድቡ ራሱ ግን በቤት ባደገ ፍጡር ነው የተገነባው። በዝግታ አደገ፣ ግን ታዘዘ።

ብዙ ጊዜ የማይነገርለት የምህንድስናው መሰላል ነው። ተርባይኖቹ በዕቅድ 16 ነበሩ፣ 13 ሆኑ። ከእነዚህ 11ዱ እያንዳንዳቸው 400 ሜጋ ዋት ናቸው፤ ሁለቱ ግን 375 ሆነው ውሃ የሚወስዱበት በር ዝቅ ብሎ ነው የተሠራው። ሐይቁ ሳይሞላ፣ ግድቡም ሳያልቅ እንዲሽከረከሩ ነው። የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም ኃይል ማመንጨት የጀመረው ከእነዚህ አንዱ ነው። ሙሌቱም እንዲሁ በየክረምቱ ተከፋፈለ፤ በ2012 ዓ.ም የመጀመሪያው 4.9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያዘ። በ2013 ዓ.ም የመሃሉ ግድብ ታስቦ የነበረው ከፍታ ላይ ስላልደረሰ የተያዘውም ከዕቅዱ ያነሰ ነበር። በቴሌቪዥን የሰማነው ሆታ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ያ ክረምት ከሁሉም በላይ አስተማሪው ይመስለኛል። ቢያንስ ደረጃው በየዓመቱ መሆኑ ያንን ጉድለት ተሸክሞ ለማለፍ አስችሏል።

ንጽጽሩ ግን የማይደርስበት ቦታ አለ። ጌም ላይ ከቦስ እስከ ቦስ ያለው ሜዳ የማንም አይደለም። ጉባ ግን መተከል ውስጥ ነው፣ ወንዙ ዳር ይኖሩ የነበሩ የጉሙዝ ቤተሰቦችም ለሐይቁ ሲባል ከቀያቸው ተነስተዋል። በዚያው ዞን ቡለን ወረዳ በኩጂ ታህሳስ 14 ቀን 2013 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ100 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። አገሩ ሁሉ የሙሌት ቁጥር ሲቆጥር በነበረበት ዓመት ነው። ከግድቡ የወጣው 500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ አድርጎ ወደ ሆለታ ይሄዳል። የአሶሳና የመተከል ሰው «እኛስ ስንተኛ ነን?» ቢል ጥያቄው የቅደም ተከተል ጥያቄ ነው፤ በባንዲራ አይመለስም።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ግድቡ ተመረቀ። አሁን የቀሩት ሦስቱ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሌላ ጌም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡት ፖኬሞን ስካርሌት እና ቫዮሌት ተጫዋቹ አለቆቹን በፈለገው ተራ እንዲገጥም ፈቀዱ። ሆኖም የአለቆቹ ሌቨል ቋሚ ነው። የበረዶውን ባለ 48 ሌቨል አለቃ አስቀድሞ የጣለ ሰው ወደ መጀመሪያዋ የነፍሳት አለቃ ሲመለስ በ15 ሌቨሏ ቆማ ያገኛታል፤ በአንድ ምት ትወድቃለች። ብዙ ተጫዋች በዚህ አማርሯል፤ ነፃነት ተሰጥቶ ክብደቱ አልተስተካከለም ብሎ።

የላይኞቹ ግድቦች ከታችኛው በኋላ የሚቀሉበት ምክንያት አለ። ባለሙያ ሰልጥኗል፣ ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ እንደሚቻል ታይቷል። ለታችኛውም ይጠቅማሉ፦ ከላይ ደለል ቢያስቀሩለት ዕድሜው ይረዝማል። በሌላ በኩል ካይሮም ካርቱምም ከጉባ ተምረዋል፤ ቀጣዩን ሥራ እንደ 2003ቱ ሳይዘጋጁ አይጠብቁትም። ካራዶቢም በ1964 ሌቨሉ ላይ ቆሞ አይጠብቀንም። የሲሚንቶውና የዶላሩ ዋጋ በየዓመቱ ይወጣል፤ እሱ ሊያስቀረው ይችል የነበረው አፈር ደግሞ በየክረምቱ ከጎጃምና ከወሎ ተጠርጎ ጉባ ሐይቅ ውስጥ ይተኛል።