ኤስትራድ፤ ከምንጣፍ እስከ መድረክ

በፈረንሳይኛ «ኤስትራድ» ከወለል ከፍ ተደርጎ የተሠራ መቆሚያ ነው። መምህር ያስተምርበታል፤ ተናጋሪ ይናገርበታል፤ ሙዚቀኛ ይጫወትበታል። ቃሉ ሲወለድ ግን ከፍታን አያውቅም ነበር፤ የላቲን ሥሩ «የተነጠፈ» ማለት ነው።

ወደ ፈረንሳይኛ የገባው ከስፓኝ ነው። በዚያ «ኤስትራዶ» በባለጸጎች ቤት ወይዛዝርት በምንጣፍና በትራስ ላይ ተቀምጠው እንግዳ የሚቀበሉበት የእልፍኝ ክፍል ነበር። ቃሉ ለፍርድ ችሎትም ስም ሆኗል። ምንጣፉ ከመሬት የተነሣው እንግዲህ ክብርና ሥልጣን ሲቀመጡበት ነው።

ፈረንሳይኛ ከኢጣልያ የመጣ ሌላ ኤስትራድም አለው፤ ትርጉሙ መንገድ ነው። የጦር ቃፊሮች ጠላትን ለማሰስ ሲዘዋወሩ «ኤስትራድ ይመታሉ» ይባል ነበር። ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድና ምንጣፍ የተነጠፈበት እልፍኝ ከአንድ ሥር በቅለዋል።

በፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች ኤስትራድ የመምህሩ ጠረጴዛ የሚያርፍበት የእንጨት ከፍታ ነበር። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠው ተማሪ መምህሩን ያያል፤ መምህሩም እርሱን ያያል። ነገር ግን ያው እንጨት ማን እንደሚናገርና ማን ዝም ብሎ እንደሚሰማም ይደነግግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የግንቦት ንቅናቄ ተማሪዎች የመምህሩን ሥልጣን ሲሞግቱ ይህም ከፍታ አብሮ ተሞገተ፤ በተከተሉት ዓመታት ከብዙ ክፍሎች ተነሣ።

በሩስያ ደግሞ ቃሉ «ኤስትራዳ» ተብሎ ከቁስነት ወደ ኪነ ጥበብ ዘርፍነት ተሸጋገረ። ዘፈን፣ ውዝዋዜ፣ ቀልድና አጫጭር ተውኔት በዚሁ ስም ተጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1939 የመላው ሶቪየት ኅብረት የኤስትራዳ ተዋንያን ውድድር ተካሄደ፤ ከአሸናፊዎቹ አንዱ አርካዲ ራይኪን ቢሮክራቶችን በሳቅ እየሸነቆጠ ኖረ። በ1954 የሞስኮ የኤስትራዳ ቲያትር ተከፈተ። በ1965 ሊዮኒድ ኡትዮሶቭ ከኤስትራዳ ባለሙያዎች የመጀመሪያው የሶቪየት ኅብረት የሕዝብ አርቲስት ተባለ። እንደ ቀላል ነገር ሲታይ የቆየው ጥበብ ከኦፔራና ከቲያትር ማዕረግ ደረሰ። ከፍ ያደረገው ግን እንጨቱ ሳይሆን ከታች ቆሞ የሰማው ሕዝብ ነው።

በአማርኛ የዚህ ሁሉ አቻ «መድረክ» ነው። እርሱም በጥንት ትርጉሙ ከፍታ አይደለም፤ የበር ደፍ ነው። ደፍ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚሻገሩበት እንጂ ሰውን ቁልቁል የሚያዩበት ስፍራ አይደለም። መምህርም ሆነ ተዋናይ፣ መድረክ በወጣ ቁጥር ከተመልካቹ ጋር የሚገናኝበትን ደፍ እየረገጠ መሆኑን ቢያስብ፣ ቃሉ ራሱ ያግዘዋል።