የጠመንጃ እንጨት በኩዌት፦ ስለ ተሰነጠቁ ሰደፎችና ስለ ጠጋኞቻቸው

የጦር መሣሪያን ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት ስለ ብረቱ ብዙ ይናገራሉ፤ የተሠራበትን ከተማ፣ የአፈሙዙን ስፋት፣ የፈልሳፊውን ስም፣ በየትኛው ውጊያ ድል እንዳደረገና በየትኛው እንደ ተማረከ አንድ በአንድ ይቈጥራሉ። በተኳሹ ትከሻ ላይ የሚያርፈው፣ ጉንጩ የሚለጠፍበት፣ የመዳፉን ላብና የዘይቱን እድፍ ዕድሜውን ሙሉ የሚጠጣው እንጨት ግን፣ ምንም እንኳ ያለ እርሱ ጠመንጃ የብረት ቧንቧ ከመሆን የማያልፍ ቢሆን፣ በመዛግብት ውስጥ ስሙ የሚነሣው እጅግ ጥቂት ነው። ብረቱ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ እንጨቱ በመካከሉ ይሰነጠቃል፤ አንድ ሰው ይጠግነዋል፤ የጠጋኙም ስም ከጥገናው ጋራ አይጻፍም። ዛሬ ይህን ነገር የማነሣው በኩዌት ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ሰፈሮች አስታክኬ ነው፤ የእንጨት ጠላቶች የሆኑት ሐሩር፣ ድርቀትና የባሕር ወበቅ በአንድ ስፍራ እየተፈራረቁ ከሚነግሡባቸው አገሮች አንዷ ያች ናትና። (ከአንዱ አዋጅ ቍጥር በቀር ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የአውሮፓ መንግሥታት ጥይትን በካዝና አከታትሎ የሚያጎርስ አዲስ ጠመንጃ በታጠቁ ጊዜ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰውን አሮጌውን ለነጋዴ ሸጡት፤ ነጋዴውም ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ አወረደው። አባቶቻችን ውጅግራ ያሉት የፈረንሳዩ የ1874 ግራ ጠመንጃ ወደ ሸዋ የገባው በዚሁ መንገድ ነው፤ ባለ ቅኔው አርቱር ራምቦ እንኳ ቅኔውን ርግፍ አድርጎ ትቶ በ1887 ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ በአፋር በረሃ አቋርጦ እስከ አንኮበር ወጥቷል። በወዲያኛው ወገን ደግሞ የመሣሪያው ገበያ መስቀጥ ነበረች፤ ከእርሷም የእንግሊዙ ማርቲኒ ሄንሪ በጀልባ ተጭኖ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ሁሉ ይበተን ነበር። የኩዌቱ ገዥ ሼክ ሙባረክ አል ሳባሕ በጥር 1899 ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ከተዋዋሉ በኋላ፣ በግንቦት 1900 ደግሞ መሣሪያ በግዛታቸው እንዳይገባና እንዳይወጣ የሚከለክል ስምምነት ፈረሙ፤ ዳሩ ግን ፊርማ ጀልባን አያቆምምና ንግዱ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ቀጠለ።

በጥቅምት 10 ቀን 1920 በፈይሰል አል ደዊሽ የሚመሩት፣ ኢኽዋን የሚባሉት የዓረብ በረሃ የሃይማኖት ተዋጊዎች ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ ያለችውን የጀህራን መንደር በወረሩ ጊዜ፣ የጊዜው የኩዌት ገዥ ሼክ ሳሊም አል ሙባረክ ከሰዎቻቸው ጋራ ቀይ ግንብ በሚባለው የጭቃ ጡብ ምሽግ ተከበው የተከላከሉት ከዚህ ንግድ በተረፈ መሣሪያ ጭምር ነው ብሎ መገመት ስሕተት አይሆንም። ምሽጉ ዛሬም ቆሞ ይጐበኛል። በዚያው ዓመት የኩዌት ከተማ ነዋሪዎች በገዛ እጃቸው ያነጹት ቅጥር ግን በ1957 ፈርሶ የቀሩት በሮቹ ብቻ ናቸው።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ዘመን የጠመንጃው አንገት፣ ማለት ሰደፉ ከብረቱ ጋራ የሚገናኝበት ቀጭን ስፍራ፣ ቢሰበር ባለቤቱ ከበርሚንግሃም ወይም ከሴንት ኤትየን አዲስ እንጨት አያዝም። ከአረቢያ እስከ አፍጋኒስታን፣ ከሱዳን እስከ እኛው ቆላ ድረስ መድኃኒቱ አንድ ነበረ፤ ርጥብ ጠፍር። ያልለፋው ቆዳ በውሃ ርሶ በተሰበረው አንገት ላይ ይጠመጠማል፤ በጅማት ይሰፋል፤ ሲደርቅም ይኰማተርና ስብራቱን ከብረት ቀለበት ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል። ለዚህ ጥበብ ያለኝ አክብሮት ታላቅ ነው፤ ከየትኛውም በረት የሚገኝ፣ ቀዳዳ የማይፈልግ፣ እንጨቱንም የማይጎዳ ጥገና ነውና። ነቀፋው አንድ ብቻ ነው፤ ጠፍር ርጥበት ሲያገኝ ይላላል። በኩዌትም የበጋው መጨረሻ ሲደርስ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው የባሕር ነፋስ ርጥበት ተሸክሞ ይመጣል።

ስለ አየሩ ጥቂት ልጨምር። በሐምሌ 21 ቀን 2016 ከኩዌት ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለችው በምጥሪባህ ጣቢያ 53.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተለክቷል፤ የዓለም የሜትዮሮሎጂ ድርጅትም መርምሮ አጽድቆታል። በዚህ ወራት ሸማል የተባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ አሸዋ እየነዳ የእንጨቱን ርጥበት ሁሉ ይመጥጣል፤ የባሕሩ ወበቅ ሲተካ መልሶ ይሰጠዋል፤ በቤት ውስጥ ደግሞ የአየር ማቀዝቀዣው ሌላ የአየር ጠባይ ይፈጥራል። እንጨትም በባሕርዩ ርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲያጣ ይሟሽሻል፤ ነገር ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። ከእርጥብነት ወደ ደረቅነት ሲሻገር በቁመቱ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አያጥርም፤ በአግድሙ ግን ከመቶ ከ5 እስከ 10 እጅ ሊቀንስ ይችላል። ብረቱ በዚህ ሁሉ ጊዜ ባለበት ነው። በማይንቀሳቀስ ብረትና በሚንቀሳቀስ እንጨት መካከል ዓመት ሙሉ የሚኖረው ጠብ በመጨረሻ በእንጨቱ ሽንፈት ያልቃል።

ከአሮጌው የጦር ጠመንጃ ይልቅ ዛሬ በኩዌት ሰው እጅ የሚገኘው ሾትጋን፣ ማለት በአንድ ጥይት ፈንታ ብዙ ደቃቅ የእርሳስ ፍሬ የሚረጨው የወፍ ጠመንጃ ነው። ሁለቱ በዝምድና የራቁ አይደሉም፤ የማርቲኒው አሠራር ራሱ ከጦር ሜዳ ከወጣ በኋላ በበርሚንግሃም በግሪነር ፋብሪካ የወፍ ጠመንጃ ሆኖ ለብዙ ዘመን ተሸጧል። የዚህ መሣሪያ እንጨት አብዛኛውን ጊዜ ዋልነት የተባለው ዛፍ ሲሆን፣ የሚሰነጠቅበትም ስፍራ የታወቀ ነው። ጥይቱ ሲፈነዳ ብረቱ ወደ ኋላ ይራገጣል፤ ርግጫው በእንጨቱ ፊት ሁሉ ላይ እኩል ቢያርፍ እንጨቱ ይችለዋል። ብሎኑ ሲላላ ግን፣ ወይም ዘይት የጠገበው እንጨት ሲለሰልስ፣ ከብረቱ በስተኋላ የተዘረጋው ቀጭን ጅራት ያንን ኃይል ብቻውን ተሸክሞ እንደ ሽብልቅ ወደ እንጨቱ ይገባና በቃጫው አቅጣጫ ይሰነጥቀዋል። ዘይቱም የሚመጣው ከባለቤቱ ትጋት ነው፤ ብረቱ እንዳይዝግ አብዝቶ ቀብቶ ሰደፉን ወደ ታች አድርጎ ሲያቆመው፣ ዘይቱ ዓመት ከዓመት ወደ እንጨቱ ይወርዳል። አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ የሚያኖር ሰው ከዚህ መከራ ይድናል።

ስለዚህ ስንጥቁን በሙጫ ብቻ የሚደፍን ጠጋኝ ምልክቱን እንጂ ደዌውን አልፈወሰም። ዐዋቂው ጠጋኝ ጠመንጃው ጥይት እንደሌለበት በዓይኑና በጣቱ ካረጋገጠ በኋላ ብረቱን ከእንጨቱ ይለያል፤ ከዚያም ዘይቱን ያወጣል፤ ዘይት በጠጣ እንጨት ላይ ሙጫ አይዝምና። በአሴቶን ያጥበዋል፤ የጠመኔ ዱቄት በአሴቶን ለውሶ ይቀባውና ሲደርቅ ዱቄቱ የመጠጠውን ዘይት ይዞ ይረግፋል፤ ዱቄቱ ነጭ ሆኖ እስኪቀር ድረስም ይመላልሰዋል። ይህ ቀናት የሚፈጅ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ችኩል ሠራተኛ የሚዘልለውም ይህን ነው። ስንጥቁ የበለጠ እንዳይሄድ በጫፉ ላይ ደቃቅ ቀዳዳ ይበሳል፤ ከንፈሮቹ በቀጭን ስንጣሪ በጥቂቱ ተከፍተው ሙጫው እስከ ጥልቁ እንዲደርስ ይደረጋል፤ በመጨረሻም እንጨቱ በብስክሌት የውስጥ ጎማ ተጠምጥሞ ይታሰራል፤ የጎማ እስራት ጠማማውን የአንገት ቅርጽ ሁሉ እኩል ይጨምቃልና። ብርቱ ስንጥቅ ሲሆን ጥርስ የወጣለት የናስ ዘንግ በአግድም ይሻገርበታል።

የሙጫው ምርጫ ሊቃውንቱን ራሳቸውን ያከራክራል። የቤተ መዘክር ጠጋኞች ከቆዳና ከአጥንት የተቀቀለውን የጥንቱን ሙጫ ይወዳሉ፤ ኋላ የሚመጣ የተሻለ ጠጋኝ በሙቅ ውሃ ሊፈታው ይችላልና። የሚተኮስበትን ጠመንጃ የሚጠግነው ግን ርግጫውን የሚችለውን ኢፖክሲ ይመርጣል። እኔ ለቅርስ የመጀመሪያውን፣ ለአደን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የኩዌት ሰው ሊያስታውሰው የሚገባው ግን ተራው ኢፖክሲም ቢሆን በብርቱ ሙቀት መለስለስ እንደሚጀምር ነው፤ በሐምሌ ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ ያልፋልና፣ የተጠገነን ጠመንጃ በመኪና ትቶ ወደ ገበያ መግባት ጥገናውን መልሶ ማፍረስ ነው። ሙጫው ከደረቀም በኋላ ዋናው ሥራ ይቀራል፤ ብረቱ በመብራት ጥላሸት ተቀብቶ ወደ ስፍራው ይገባል፣ ይወጣል፤ ጥላሸቱ ያረፈበት እንጨት እየተፋቀ ርግጫው በሰፊው ፊት ላይ እንዲያርፍ፣ ከጅራቱ በስተኋላ ግን የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት እንዲቀር ይደረጋል። መጨረሻው የተልባ ዘይት ነው፤ በመዳፍ እየታሸ፣ እጅግ በስሱ።

ኩዌት ለዚህ ጥበብ ባዕድ አልነበረችም። ነዳጁ በ1938 ከቡርጋን ከመውጣቱና በ1946 በመርከብ ተጭኖ ከመሸጡ በፊት፣ የከተማይቱ ሕይወት ዕንቍ መጥለቅና የባሕር ንግድ ነበረና፣ ቀላፍ የሚባሉት የመርከብ አናጢዎች ከሕንድ ማላባር በመጣ የቲክ እንጨት ቡም የሚባሉ ታላላቅ መርከቦች ያነጹ ነበር። በ1938 እና በ1939 አውስትራሊያዊው መርከበኛ አለን ቪሊየርስ በናኾዳው (በመርከብ አዛዡ) በዓሊ አል ነጅዲ መርከብ ከዓደን ወደ ዛንዚባር፣ ከዚያም ወደ ኩዌት ተጉዞ ስለ እነዚህ ሰዎች መጽሐፍ ጽፏል። ቀላፍ ምስማር ከመምታቱ በፊት በገመድ በሚዞር መሰርሰሪያ ቀዳዳውን ይበሳ ነበር፤ ቲኩ እንዳይሰነጠቅ። በሳንቆቹ መካከል ዘይት የጠጣ ጥጥ ይጠቀጥቃል፤ ከውሃው በላይ ያለውን አካል በሻርክ ጉበት ዘይት ያሻል። እንጨትንና ብረትን በሐሩርና በጨው መካከል ማስታረቅ የየዕለት ሥራው የነበረ ሰው፣ ጎረቤቱ የተሰነጠቀ ሰደፍ ይዞለት ቢመጣ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር ብዬ አላምንም።

የነሐሴ 1990 የኢራቅ ወረራ በመጣ ጊዜ እንጨት ከሁሉ ይልቅ ተጎዳ። ከብሔራዊው ቤተ መዘክር የተወሰዱት የአል ሳባሕ ስብስብ ቅርሶች አብዛኞቹ በተባበሩት መንግሥታት አማካይነት ከባግዳድ ሲመለሱ፣ በቤተ መዘክሩ ደጅ ቆሞ የነበረው ሙሐለብ የተባለው የእንጨት መርከብ ግን ተቃጥሎ አመድ ሆኗል። በጀብሪያ ሰፈር ያለው፣ ከብዙ ቅርሶቹ ጋራ የጦር መሣሪያዎችም የያዘው የጣሪቅ ረጀብ ቤተ መዘክር የዳነው ባለቤቶቹ መግቢያውን በግንብ ደፍነው በደረጃው ላይ ቆሻሻ ስለ በተኑበት ነው።

ዛሬ የወፍ ጠመንጃ በኩዌት የክብር ስፍራ አለው። አገሪቱ በስሟ ያገኘቻቸው የኦሊምፒክ ሜዳልያዎች ሦስቱም ነሐስ ሲሆኑ ሦስቱም የመጡት በዚሁ መሣሪያ ነው፤ ፈሃይድ አል ዲሃኒ በ2000 በሲድኒና በ2012 በለንደን፣ አብዱላህ አል ረሺዲ በ57 ዓመት ዕድሜው በቶኪዮ አገኟቸው። በ2016 በሪዮ አል ዲሃኒ ወርቅ ሲያገኝ አገሩ ከኦሊምፒክ ታግዳ ስለ ነበር የተሰቀለው የኦሊምፒኩ ባንዲራ ነው። ይሁን እንጂ በ2015 ያልተፈቀደ መሣሪያ እንዲሰበሰብ ሕግ ሲወጣና ለአራት ወር ምሕረት ሲደረግ፣ የአያቶች ጠመንጃ ያለ ፈቃድ ያኖረ ሁሉ ለማስረከብ ተገድዷል። ሕጉን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ከሚሰበሰበው መካከል በጠፍር የተጠገነ ሰደፍ ቢገኝ ለቤተ መዘክር እንጂ ለምድጃ የሚገባ አልነበረም።

በኩዌትም ሆነ በአገር ቤት በቤታችሁ እንዲህ ያለ መሣሪያ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ስንጥቁን ሳታስመረምሩ አትተኩሱበት፤ ምስማር አትምቱበት፤ የወደቀውን ስንጣሪ አትጣሉ፤ የአሮጌውን ጥገና ጠፍርም ለማማር ብላችሁ አትፍቱ። ሥራው ሲያልቅ የጠጋኙን ስምና ዘመኑን በወረቀት ጽፋችሁ በሰደፉ መጨረሻ ካለው የብረት ሽፋን ሥር አኑሩ። በእኛም አገር የ1177/2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አዋጅ አለና፣ ወደ ጠጋኙ ከመሄዳችሁ አስቀድማችሁ የፈቃዱን ወረቀት ተመልከቱ።