ታናሽ ሲወለድ ታላቅ ለምን ይከፋዋል? የወንድማማቾችና የእህትማማቾች ቅናት

የወንድማማቾችና የእህትማማቾች ቅናት ማለት የአንድ ቤት ልጆች የወላጆቻቸውን ፍቅር፣ ጊዜና ድጋፍ ለማግኘት የሚያደርጉት ሽሚያ ነው። በራሱ በሽታ አይደለም፤ በልኩ ከሆነ ልጆች መካፈልን፣ ተራ መጠበቅንና መታረቅን የሚማሩበት መንገድ ነው። ችግር የሚሆነው ቤተሰቡ በአግባቡ ሳይዘው ሲቀር ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ «ቅናት ነው» ተብሎ የሚታለፈው ነገር ሕመም ሆኖ ይገኛል።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

ትናንት በእናቱ ጀርባ ይታዘል የነበረ የሁለት ዓመት ልጅ ሕፃን ሲወለድ በአንድ ቀን «ትልቅ» ይባላል። እሱ ግን ገና ሕፃን ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ሊያሳይ ይችላል፦

• ሽንቱን መቆጣጠር ጀምሮ የነበረው እንደገና መኝታ ላይ መሽናት
• «እዘሉኝ» ማለት፣ ጡት መጠየቅ፣ እንደ ሕፃን መናገር
• ሕፃኑን መቆንጠጥ ወይም መግፋት
• ከፍ ባሉት ልጆች ላይ ደግሞ መሳደብ፣ ማሳበቅ፣ በትምህርት መዳከም

አብዛኛዎቹ ልጆች ቤተሰቡ በትዕግሥት ከያዛቸው በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ውስጥ ይረጋጋሉ።

ቅናት ነው ወይስ የምግብ እጥረት?

ክዋሽዮርኮር የሚባለው ከባድ የምግብ እጥረት ስሙን ያገኘው ጋና ውስጥ ከሚነገረው የጋ ቋንቋ ነው። እዚያ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ሲሲሊ ዊሊያምስ ስሙን ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቁት በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ትርጉሙም ታናሽ ሲመጣ ታላቁን የሚይዘው ሕመም እንደ ማለት ነው። ጡት በድንገት ተቋርጦ በምትኩ ቀጭን አጥሚት ወይም እንጀራ በሽሮ ብቻ የሚሰጠው ልጅ ለዚህ ይጋለጣል። እንዲህ ያለው ልጅ ይነጫነጫል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ መጫወት ይተዋል። ሰው ይህን ሲያይ «ቀንቶ ነው» ይላል።

ስለዚህ ልጅዎ ታናሽ ከተወለደ በኋላ ከከሳ ወይም ከፈዘዘ ሁለቱን እግሮቹን ይመልከቱ። የእግሩን ጀርባ በአውራ ጣትዎ ለሦስት ሰከንድ ያህል ሲጫኑት ሥፍራው ጎድጉዶ ከቀረ እብጠት አለው፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወር የሆነ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነም ከባድ የምግብ እጥረት አለበት። ክንዱን በአቅራቢያዎ ባለው ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትለካልዎታለች።

ለታመመው ልጅ ፕላምፒ ነት ከተሰጠው መድኃኒቱ ነውና ለእህት ወንድሞቹ አይከፋፈል። ሌሎቹ ቅር እንዳይላቸው «ይህ የእሱ መድኃኒት ነው» ብለው ይንገሯቸው። ልጆችን በፍትሕ መያዝ ማለት ለሁሉም አንድ ዓይነት መስጠት ሳይሆን ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገውን መስጠት ነው።

ወላጆች ምን ማድረግ ይችላሉ?

• አራርቀው ይውለዱ። የዓለም ጤና ድርጅት እናት ከወለደች በኋላ እንደገና ከማርገዟ በፊት ቢያንስ 24 ወር እንድትቆይ ይመክራል። ይህ ለእናቲቱም ለሁለቱም ልጆች ይጠቅማል።
• ጡት በድንገት አያስጥሉ፤ ሬት ወይም ሌላ መራራ ነገር ጡት ላይ አይቀቡ። እርግዝናው ጤናማ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እያጠቡ መቀጠል ይቻላል፤ በክትትል ጊዜ ባለሙያዋን ይጠይቁ።
• ከመውለድዎ በፊት ለልጁ ይንገሩት። ከወለዱ በኋላ በየቀኑ ለእሱ ብቻ የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ይስጡት። አባትና አያትም በዚህ ያግዙ።
• ስሜቱን በስሙ ይጥሩለት፦ «ሕፃኑን ስለያዝኩ ከፍቶሃል አይደል? ና፣ አንተም እቅፌ ግባ።» ሕፃኑን መምታት ግን እንደማይፈቀድ ሳይቆጡ ያስረዱት።
• «ወንድምህን አታየውም?» እያሉ አያወዳድሩ። ይህ አባባል ሰነፉን አያጎብዘውም፤ ጎበዙን ያስጠላዋል።
• ታላቅ እህት ሕፃን አዝላ የምትውል ከሆነ ሥራዋን ያመስግኑ፤ የጨዋታና የጥናት ጊዜዋን ግን አይውሰዱባት።
• ሕፃኑን ከትንሽ ልጅ ጋር ብቻውን አይተዉ፤ በተለይ ምድጃ አጠገብ።

ካደጉ በኋላ

ቅናት በልጅነት ብቻ አያበቃም። በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች አንዱ ልጅ ከተማ ቤት ተከራይቶ ሲማር ሌላው በግ እየጠበቀና እያረሰ ይቀራል። ለዚህ ምክንያት ይኖራል፤ ምክንያቱ ካልተነገረው ግን የቀረው ልጅ «አልተወደድኩም» ብሎ ይተረጉመዋል። ወላጆች ሲያረጁ ይህ ቂም በመሬት ድርሻ ወይም በጧሪነት ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ውሳኔዎን በቁምዎ፣ ልጆችዎ ሁሉ ባሉበት ይንገሩ፤ ቤት የቀረው የለፋውንም በሌሎቹ ፊት ያንሡለት። ጠብ ከተነሣ ሁለቱም በሚያከብሯቸው ሽማግሌዎች ወይም በንስሐ አባት በኩል ቶሎ መነጋገር ይሻላል።

ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

ጭቆናን «የልጆች ጠብ» ብለው አይለፉት። በእንግሊዝ አገር ተካሂዶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በ12 ዓመታቸው በሳምንት ብዙ ጊዜ በወንድም ወይም በእህት የተጎዱ ልጆች በ18 ዓመታቸው ለድባቴና ራስን ለመጉዳት የነበራቸው ተጋላጭነት ሁለት እጥፍ ገደማ ነበር። የሚከተሉት ካሉ የጤና ባለሙያ ያማክሩ፦

• ሁልጊዜ አንዱ መቺ፣ ሌላው ተመቺ ከሆነ ወይም ልጁ ወንድሙን ወይም እህቱን የሚፈራ ከሆነ
• ቁስል፣ ቃጠሎ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ካለ
• ልጁ ምግብ ከተወ፣ ከከሳ ወይም እግሩ ካበጠ
• መኝታ ላይ መሽናቱ ከቆየ፣ ወይም ሽንቱ ካቃጠለው፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ ከጠማው
• «ብሞት ይሻላል» ካለ፤ ይህን እንደ ማስፈራሪያ አይውሰዱት፣ ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት

እናት ከወለደች በኋላ ከሁለት ሳምንት በላይ ካዘነች፣ እንቅልፍ ካጣች ወይም ለልጆቿ ደንታ ካጣች እሷም ሕክምና ያስፈልጋታል። የታላቁ ልጅ መከፋት አንዳንዴ የእናቱን ሕመም ቀድሞ የሚያሳይ ምልክት ይሆናል።