የመኪና ጭስ እንዴት ይቆጠራል?

ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ አንድ አሮጌ አይሱዙ ጥቁር ጭሱን ፊታችሁ ላይ ለቆባችሁ ያውቃል? ያ ጭስ ስንት ግራም ይሆናል? የከተማው መኪኖች በሙሉስ በዓመት ስንት ቶን ይለቃሉ?

እያንዳንዱ መኪና ላይ መለኪያ መግጠም አይቻልም። ስለዚህ ባለሙያዎች ይገምታሉ። ግምቱ ግን ዝም ብሎ የሚወረወር አይደለም፤ ስሌት አለው።

👉 ዋናው ስሌት

የመኪና ብዛት × እያንዳንዱ የሚጓዘው ኪሎ ሜትር × በአንድ ኪሎ ሜትር የሚለቀው ግራም።

ለማሳያ ያህል፦ አንድ ሚኒባስ በኪሎ ሜትር 1 ግራም ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይለቃል፣ በቀን ደግሞ 150 ኪሎ ሜትር ይሠራል እንበል። በቀን 150 ግራም ለቀቀ ማለት ነው። እንደሱ ዓይነት 1,000 ሚኒባሶች ካሉ በቀን 150 ኪሎ ይሆናል።

👉 በነዳጅ በኩልስ?

ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ነዳጁን መቁጠር ይበቃል። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 2.3 ኪሎ፣ 1 ሊትር ናፍጣ ደግሞ ወደ 2.7 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። "ነዳጁ ራሱ 1 ኪሎ አይሞላም፣ እንዴት ነው ጭሱ የሚበልጠው?" ካላችሁ፣ በነዳጁ ውስጥ ያለው ካርቦን ከአየር ኦክስጅን ስለሚወስድ ነው።

ሳንባ ውስጥ የሚገባው ብናኝና ናይትሮጅን ኦክሳይድ ግን በሊትር ብቻ አይታወቅም። እኩል ነዳጅ የጠጡ ሁለት መኪኖች የሚለቁት መርዝ በብዙ እጥፍ ሊለያይ ይችላል።

👉 ልዩነቱ ከምን ይመጣል?

▪️ ከመኪናው ዘመን፦ በአውሮፓ ደረጃ የዩሮ 3 ናፍጣ አውቶሞቢል በኪሎ ሜትር እስከ 0.50 ግራም ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይፈቀድለት ነበር። ለዩሮ 6 ጣሪያው 0.08 ግራም ነው።
▪️ ከአነዳድ፦ መጨናነቅ ውስጥ ቆም ነሳ፣ ቆም ነሳ ማለት ጭስ ይጨምራል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሰው ጭኖ መውጣትም እንደዚያው።
▪️ ከሞተሩ ሙቀት፦ ጠዋት ገና የተነሳ ቀዝቃዛ ሞተር የበለጠ ይበክላል።
▪️ ከጥገና፦ የጭስ ማጣሪያው የተበላሸ ወይም የተነቀለ መኪና ወረቀት ላይ የተጻፈለትን ደረጃ አይጠብቅም።

👉 በኪሎ ሜትር ስንት ግራም እንደሚወጣ እንዴት ታወቀ?

መኪናው ላቦራቶሪ ውስጥ በሚሽከረከር ሮለር ላይ ቆሞ ይነዳል፤ ጭሱ ተሰብስቦ ይለካል። ሌላው መንገድ ተንቀሳቃሽ መለኪያ ጭኖ መንገድ ላይ መንዳት ነው።

ሁለቱ ሁልጊዜ አይስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2015 የፈነዳው የቮልስዋገን ቅሌት ትልቁ ምሳሌ ነው። መኪኖቹ ፍተሻ ላይ መሆናቸውን የሚያውቅ ሶፍትዌር ነበራቸው። ላቦራቶሪ ውስጥ ንጹህ ሆነው ይታያሉ፤ መንገድ ላይ ግን በአሜሪካ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይለቁ ነበር። በዓለም ዙሪያ ወደ 11 ሚሊዮን መኪኖች ላይ ተገኝቷል። ነገሩ እንዲጋለጥ መነሻ የሆነው የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ ያደረጉት ልኬት ነው።

👉 እኛን ምን አገባን?

አውሮፓውያን ኮፐርት፣ አሜሪካኖች ሙቭስ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም አላቸው። የእነሱን ቁጥር እንዳለ ገልብጦ ለአዲስ አበባ መጠቀም ግን ያሳስታል። ከተማችን ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል በተለይ አሮጌ የናፍጣ ሞተር በደንብ አያቃጥልም፣ ጥቁር ጭሱም ይጨምራል። መኪኖቻችንም ብዙ ዓመት የሠሩ ናቸው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጪ ያሉ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ መኪና ከኋላው ጭስ የለውም፤ የፍሬን፣ የጎማና የመንገድ ብናኝ ግን አይቀርም። ድሮ የገቡትም ገና ለዓመታት ይነዳሉ።

ስለዚህ "ብክለቱ በዚህን ያህል ቀነሰ" የሚል ዜና ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የትኞቹ መኪኖች ተቆጠሩ? ስንት ኪሎ ሜትር ተባለላቸው? ግራሙ የተለካው የት ነው? ቁጥሩ ከተሳሳተ መፍትሔውም ይሳሳታል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ቀኑን ሙሉ አስፋልት ዳር የሚውለው ሊስትሮ፣ ጀብሎና ትራፊክ ፖሊስ ነው።